ውሃው ሳይገኝ የተመነጠረ መሬት፦ በኬንያ ጠረፍ የማጋሪኒ የሰፈራ ፕሮጀክት (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ኬንያ ውስጥ ከማሊንዲ ከተማ ወጥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የሳባኪን ወንዝ ድልድይ እንደተሻገረ ማጋሪኒ ወደሚባለው አካባቢ ይገባል። በስተቀኙ የሕንድ ውቅያኖስ፣ በስተግራው ቀይ አሸዋማ ኮረብታና ቁጥቋጦ አለ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ የኬንያ መንግሥት በአውስትራሊያ መንግሥት ገንዘብና ባለሙያ እየታገዘ በዚህ ቦታ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን በተሸነሸነ መሬት ላይ ለማስፈርና ዘመናዊ የዝናብ እርሻ ለማስጀመር ተነሣ። አውስትራሊያ በ1989 ከፕሮጀክቱ ስትወጣ መንገድ ተሠርቶ፣ መሬት ተመንጥሮና ችካል ተተክሎ ነበር፤ ሰፋሪው ግን በራሱ አቅም የሚዘልቅበት እርሻም ሆነ በቅርቡ የሚቀዳው በቂ የመጠጥ ውሃ አልነበረውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተሳካ የልማት ፕሮጀክት በአካባቢያችን ብርቅ አይደለም። ማጋሪኒን ለመመዝገብ የሚያበቃው የስሕተቱ ቅደም ተከተል ፍንትው ብሎ መታየቱ ነው። በቅድሚያ መልስ ማግኘት የነበረባቸው ሁለት ጥያቄዎች፣ የውሃውና የመሬት መብቱ፣ ወደ ኋላ ተገፉ፤ ከሁሉ ኋላ መምጣት የነበረበት ምንጣሮ ቀደመ።

አካባቢውና ነዋሪው

የማጋሪኒ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ጊርያማ ናቸው፤ ሚጂኬንዳ በሚለው የወል ስም ከሚጠሩት ዘጠኝ የጠረፍ ሕዝቦች በቁጥር ትልቁ ነው። ለእነሱ ከሳባኪ ማዶ ያለው መሬት ጠፍ መሬት ሆኖ አያውቅም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ወንዙን እየተሻገሩ አዲስ መሬት ያቀኑ ነበር፤ የተረፋቸውንም እህል ለጠረፍ ከተሞች ነጋዴዎች ይሸጡ ነበር። ራሱን የቻለ ገበሬ ግን ለቅኝ ገዥው አስተዳደር አልተመቸም፤ የጠረፉ እርሻዎች ወዛደር ይፈልጉ ነበርና። ጊርያማዎች ጉልበታቸውን እንዲሰጡና ግብር እንዲከፍሉ ሲገደዱ እምቢ አሉ። በ1913 መካቲሊሊ ዋ ሜንዛ የተባለች ሴት ሕዝቡን በመሐላ አስተባበረች፤ እንግሊዞችም ይዘው ወደ ምዕራብ ኬንያ አጋዟት። በነሐሴ 1914 የጊርያማዎች ዋና የተቀደሰ ሥፍራ የሆነው ካያ ፉንጎ በድማሚት ፈረሰ፤ ዓመፁ ከተነሣ በኋላ ደግሞ ቤትና ሰብል ተቃጠለ፣ ከባድ መቀጮ ተጣለ፣ ከሳባኪ በስተሰሜን ያሉትም መሬታቸውን ለቀው ወደ ደቡብ እንዲሻገሩ ታዘዙ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንዲመለሱ ቢፈቀድላቸውም በረሃብ ተጎድተው ነበር።

በዚህ ላይ የሕጉ ታሪክ ይጨመራል። እንግሊዝ ከ1895 ጀምሮ ከዛንዚባር ሱልጣን በኪራይ ይዛ ታስተዳድረው በነበረው የአሥር ማይል የጠረፍ ሰቅ ላይ በ1908 የመሬት ባለቤትነት ድንጋጌ ወጣ። ይዞታዬ ነው የሚል ሁሉ ቀርቦ እንዲያስመዘግብ፣ ያልተመዘገበውም የዘውዱ መሬት እንዲሆን ያዘዘ ድንጋጌ ነው። ድንጋጌው የሚያውቀው የግል ይዞታን እንጂ በጎሳና በወል የሚያዝ መሬትን አልነበረም፤ ስለዚህ ማስመዝገብ የቻሉት ባብዛኛው አረብና ስዋሂሊ ባለይዞታዎች ሲሆኑ ሚጂኬንዳዎች ከመዝገቡ ውጭ ቀሩ። በ1963 ነፃነት ሲመጣ የዘውዱ መሬት የመንግሥት መሬት ሆነ፤ በላዩ ላይ የሚኖረውም ሰው በአያቱ ቀዬ ሕገወጥ ሰፋሪ ተባለ።

የጊርያማን የአኗኗር ሥርዓትም ማወቅ ያስፈልጋል፤ ፕሮጀክቱ ሊለውጠው የተነሣው እርሱን ነውና። ገበሬው ቁጥቋጦ መንጥሮ፣ አቃጥሎ፣ በቆሎና ጥራጥሬ ለጥቂት ዓመታት ያመርታል፤ መሬቱ ሲደክም ያሳርፈውና ወደ ሌላ ይሻገራል። ካሳቫ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ነው። ማንጎ፣ ኮኮናትና ካሹ ደግሞ እንደ ጥሪት ይቆጠራሉ። እኛ ደጋማው አገር ላደግን ሰዎች እንግዳ የሚመስለው ነገር እዚህ አለ፦ በጠረፉ ልማድ ዛፉና መሬቱ የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ሰው በሌላ ሰው መሬት ላይ ኮኮናት ይተክላል፣ ዛፉን ይሸጣል፣ በመያዣነት ይሰጣል፣ ለልጁ ያወርሳል፤ መሬቱ ግን የእሱ አይደለም። ቀያሽ ቀጥ ያለ መስመር ስቦ ይህ ክፍል የእገሌ ነው ሲል እንግዲህ የሚከፋፍለው አፈሩን ብቻ ሳይሆን በላዩ የተጠላለፈውን የዕዳ፣ የውርስና የጋብቻ ዝምድና ጭምር ነው።

ችግሩ እንዴት እንደተቀረጸ

በፕሮጀክቱ ዓይን ችግሩ ቴክኒካዊ ነበር። ሰፊ መሬት አለ፣ በአግባቡ አይታረስም፤ ሕዝቡ ተበታትኖ ይኖራል፣ ተዘዋዋሪ እርሻው መሬቱን ያራቁታል። ስለዚህ መሬቱ በቋሚነት ይሸንሸን፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ይሰጥ፣ በመኪና ይመንጠር፣ በቆሎና ጥጥ የመሳሰሉት በተሻሻለ አሠራር ይመረቱ ተባለ። ሐሳቡ የተቀዳው ደረቅ መሬትን በስፋት በማረስ ልምድ ካካበተችው ከአውስትራሊያ ነው፤ ጥንስሱ ውስጥ ክፋት አይታየኝም። ችግሩ ጥያቄው ሲነሣ አንድ ሐቅ መዘለሉ ነው። ይሰፍራል የተባለው ሕዝብ አብዛኛው እዚያው የሰፈረ ነበር፤ የጎደለው የመሬቱ ማረጋገጫና የመጠጥ ውሃ ነበር።

የተፈጥሮ ሁኔታውም ለዕቅዱ አይመችም። ማሊንዲ ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንበው ዝናብ ከባሕሩ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር በፍጥነት ይቀንሳል። ዋናው ዝናብ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ፣ አነስተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሁለቱም ሊዘገዩ ወይም ሊቀሩ ይችላሉ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ቀዩን የኮረብታ አሸዋ የማጋሪኒ አሸዋ ብለው በአካባቢው ስም ይጠሩታል። ውሃ ቶሎ ያሰርጋል፣ ለምነቱ ያለው ከላይ ባለችው ስስ ንጣፍ ነው። በጠረፉ ኋላ ምድር የተዘረጋው የጁራሲክ ዘመን ሸክላማ ዓለት ደግሞ የሚሰጠው ውሃ ጥቂትና ጨዋማ በመሆኑ ይታወቃል።

ማራፋ ከምትባለው መንደር ዳር ኛሪ የተባለ ገደል አለ። ዝናብና ነፋስ አሸዋማውን ዓለት እየሸረሸሩ ቀይ፣ ብርቱካናማና ነጭ ንጣፎች ያሉት የሾለ ሸለቆ አድርገውታል። ጊርያማዎች ስሙን በራሱ የፈረሰ ቦታ ብለው ይፈቱታል፤ ለቱሪስት የሚነገረው ስም የሲኦል ኩሽና ነው። ሽፋኑን ያጣ የማጋሪኒ አፈር ምን እንደሚሆን ለማወቅ የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

በቅድሚያ መንገድና ምንጣሮ ተጀመረ። ምንጣሮ ለፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ የሚመች ሥራ ነው፤ በሄክታር ይለካል፣ በሩብ ዓመት ሪፖርት ይጻፋል፣ ዶዘሩ ግዢው ከተፈጸመ ጀምሮ ቆሞ እንዲውል አይፈለግም። የገበሬው ምንጣሮ ጉቶና ሥር ይተዋል፤ መሬቱ ሲያርፍ ቁጥቋጦው ከዚያው ሥር መልሶ ያቆጠቁጣል። ዶዘር ግን ሥሩን ነቅሎ፣ ስሷን የላይ አፈር ጠርጎ ከዳር ይከምራል። የተራቆተው አሸዋ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ፊቱ ይጠጥርና ውሃ አላሳልፍ ይላል፤ ውሃውም አፈሩን ይዞ ወደ ቆላው ይወርዳል። የአፈር መከላት ወዲያው የፕሮጀክቱ ራስ ምታት ሆነ፣ የእርከንና የአፈር ጥበቃ ሥራም በጀት መብላት ጀመረ።

ውሃው ላይ የተደረገው ጥረት ብዙ ነበር፣ ውጤቱ ግን ደካማ። የዕቅዱ መነሻ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሰፋሪው በየአቅራቢያው ውሃ ያገኛል የሚል ነበር። የወጣው ውሃ ጨዋማ ሆነ፤ ለመጠጥም ለከብትም የሚሆነው ጥቂቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩሬ መቆፈርና የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ወደሚሉ አማራጮች ተሄደ፤ እነሱም ዝናብ በቀረ ዓመት ከሰማዩ ጋር አብረው ይደርቃሉ።

የውሃው ጉዳይ ከጥም ያለፈ መሆኑን ለማየት የአንዲት እማወራን ቀን ማስላት ይበቃል። በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ እንኳ ለአንድ ሰው በቀን የሚመደበው ዝቅተኛ መጠን 15 ሊትር ነው። ሰባት ሰው ላለበት ቤት 105 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ከአምስት በላይ ማለት ነው። አንዱ ጄሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይመዝናል። መቅጃው የሁለት ሰዓት ደርሶ መልስ ከሆነ አንዲት ሴት ብቻዋን ቀኑን ሙሉ ብትመላለስም የቤቱን ፍላጎት ለመሙላት ትቸገራለች። ውሃው እጅግ የሚርቀው ደግሞ በደረቁ ወራት መጨረሻ፣ ልክ ለሚያዝያው ዝናብ ማሳ በሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። የእርሻ ዕቅዱ የቤተሰቡን ጉልበት ለማሳ ዝግጅት ሲቆጥር ይኸው ጉልበት በውሃ መንገድ ላይ ነበር። ውሃ በሌለበት ክፍል መሬት ላይ ቤት ሠርቶ መቀመጥም የሚያዛልቅ አይደለም፤ ሰው ዘመድና ውሃ ወዳለበት ይመለሳል፣ የተመነጠረው መሬትም ያለ ጠባቂ ይቀራል።

በሰብሉ በኩል የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበው በመስመር መዝራትን፣ ጥጥንና የተሻሻለ ዘርን አስተማሩ። ጥጥ ግን ተባይ የሚያጠቃው፣ መድኃኒት የሚጠይቅ፣ ክፍያውም ከገዢው የሚዘገይ ሰብል ነው። ዝናቡ እርግጠኛ ባልሆነበት አገር ገበሬው የሚያስቀድመው አለመራብን ነው፤ ስለዚህ አንዱን ማሳ በምክሩ መሠረት እየዘራ ሌላ ቦታ ደግሞ በራሱ ልማድ ካሳቫና በቆሎ መያዙን ይመርጣል። ይህ በሪፖርት ላይ አዲሱን አሠራር አለመቀበል ተብሎ ይመዘገባል። እኔ የምለው ግን ቢታሰብበት ኖሮ ጥሩ የመድን ሥርዓት ነበር፤ በ1984 ኬንያን የመታው ድርቅ ይህን በሚገባ አሳየ።

ስለ አዋጭነት ጥናቱ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ፕሮጀክቱ በተቸገረ ቁጥር ጥናቱ እንደገና ይሠራ ነበር። ምርቱ ከተገመተው በታች ሲሆን ወደፊት ይሻሻላል የሚል አዲስ ግምት ይገባል፤ አስቀድሞ የወጣው ወጪ ባለፈ ሒሳብነት ከስሌቱ ይወጣል፤ ተመላሹ እንደገና ከሚፈለገው መቶኛ በላይ ይሆናል። በዚህ ስሌት የሠራ ባለሙያ እንደሚያውቀው አንድም ቁጥር ሳይዋሹ የተፈለገው መልስ ላይ መድረስ ይቻላል። ፕሮጀክቱ መቀጠል አለበት ተብሎ አስቀድሞ ከተወሰነ የስሌቱ ሥራ ውሳኔውን ማስጌጥ ብቻ ይሆናል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ አካሄዱን ለመለወጥ ተሞከረ። አንድ የአውስትራሊያ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ገብቶ ከሕዝቡ ጋር እየተመካከረ በቡድን መሥራትን፣ ገበሬው ራሱ የሚመርጣቸውን አነስተኛ ሥራዎችና የአፈር ጥበቃን ጀመረ። ትክክለኛ ጅምር ነበር፤ ይሁን እንጂ የመጣው ሽንሸናው ካለቀ፣ መሬቱ ከተገፈፈ፣ ለጋሹም መታከት ከጀመረ በኋላ ነው። የአሳታፊነት ሥራ ዓመታት ይፈጃል፤ ማጋሪኒ ላይ የተሰጠው የተረፈው ጊዜ ነበር።

የያዘውና ያልያዘው

መንገዱ ጠቅሟል። ቀድሞ በእግር ብቻ ይደረስባቸው የነበሩ መንደሮች ከገበያ ጋር ተገናኙ፤ ትምህርት ቤትና የጤና አገልግሎትም በመንገዱ ተከትለው ገቡ። መንገዱ ግን የከሰል ነጋዴንም ያስገባል፤ ከማራፋ ጀርባ ባለው የዳካቻ ደን ላይ ዛሬ ከሚታዩት ጉዳቶች አንዱ ለከሰል የሚቆረጠው ዛፍ ነው፣ ሌላው አናናስ ለመትከል የሚደረገው ምንጣሮ። ገበሬው ከአናናሱ ጋር ተላምዷል፤ ፕሮጀክት ሳይመክረው፣ ገበያው ስለጠራው ብቻ።

ዛፍ ተኮር የሆነው የጠረፉ እርሻ ከጥጡ ይልቅ ጸንቶ ኖረ። ካሹና ማንጎ በደካማ አፈርም ይበቅላሉ፣ ባለቤትነትንም በዓይን በሚታይ ምልክት ያጸናሉ። ችካል ይነቀላል፣ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ማንጎ ግን ማን እንደተከለው ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

ያልያዘው ከሁሉ በላይ የመሬት መብቱ ነው። በኬንያ የሰፈራ ሥርዓት ሰፋሪው በመጀመሪያ የሚቀበለው የድልድል ደብዳቤ ነው፤ ካርታው የሚሰጠው የመሬቱን ዋጋና ብድሩን ለሰፈራ ፈንዱ ከፍሎ ሲጨርስ ነው። ምርት የማይሰጥ መሬት ዕዳውን አይከፍልም፣ ዕዳው ካልተከፈለ ደግሞ ካርታ የለም። አባቱ በ1914 በግድ የተባረረበትን መሬት ልጁ በብድር እንዲገዛ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው ማንም የዕቅድ ሰነድ አልጻፈም። ክፍያው መጓተቱ በቸልተኝነት ብቻ የሚተረጎም አይመስለኝም።

ከፕሮጀክቱ በኋላ

ታሪኩ በ1989 አልቆመም። የሳባኪ ወንዝ በባሪቾ በኩል ሲያልፍ በአሸዋው ሥር ጣፋጭ ውሃ ያጠራቅማል፤ ከዚያ የሚሳበው ውሃ በቧንቧ ወደ ማሊንዲና እስከ ሞምባሳ ይሄዳል። የማጋሪኒ ጉድጓዶች ጨው ሲያወጡ ጣፋጩ ውሃ ያን ያህል ሩቅ አልነበረም ማለት ነው፤ የተመደበው ግን ለከተሞቹ ነው። ከወንዙ ወደ ላይ ደግሞ በ2014 ጋላና ኩላሉ በተባለው ሰፊ የመንግሥት መሬት ላይ 10,000 ኤከር የሆነ የመስኖ በቆሎ ሞዴል እርሻ ተጀመረ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን ኤከር ይሰፋል ተብሎ ሲታቀድ ቆይቶ ሥራ ተቋራጩ በ2019 ለቆ ወጣ። መልኩ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፦ ሰፊ ጠፍ መሬት፣ የውጭ ባለሙያ፣ በሄክታር የሚለካ ሥራ።

ለሌላ ቦታ የሚተርፈው

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ጉዳይ ባዕድ አይሆንበትም። ከ77ቱ (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ድርቅ በኋላ በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ በጣሊያን እርዳታ 80,000 ገደማ ሰው ሲሰፍር ቀርከሃውና ዛፉ በዶዘር ተመንጥሯል፤ ጠፍ የተባለውም መሬት የጉሙዝ ሕዝብ በተዘዋዋሪ እርሻና በአደን የሚኖርበት ነበር። ትልቁ ልዩነት በለስ ላይ ሰፋሪው ከሩቅ መምጣቱ፣ ማጋሪኒ ላይ ግን በገዛ አገሩ መስፈሩ ነው። የጋራው ነገር የማረፊያ ዓመቱን የሚጠብቅ መሬት ባዶ ተብሎ መመዝገቡ ነው። ስለዚህ በተዘዋዋሪ እርሻ አገር የመሬት ቆጠራ የሚያደርግ ባለሙያ ማሳ የሚታይበትን ዓመት ብቻ ቢቆጥር አብዛኛውን የሕዝቡን መሬት ያጠፋል፤ ቢያንስ የአሥር ዓመቱን የማሳ ዝውውር፣ ከዛፎቹም ባለቤቶች ስም ጋር፣ ከነዋሪው ጠይቆ መመዝገብ አለበት።

ውሃን በተመለከተ ደግሞ ደንቡ ቀላል ነው፤ በጠረፍና በጨዋማ ምድር ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ውሃው ተመርምሮ፣ በደረቅ ወር ተፈትኖ ሳያልፍ አንድም ክፍል መሬት መታደል የለበትም። የሙከራ ቁፋሮ ዋጋ ከዶዘር ሥራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። የሙከራው ውጤት መጥፎ ከሆነ ዕቅዱን መሠረዝ እንዲቻል ግን መሣሪያው መገዛት፣ ሠራተኛውም መቀጠር ያለበት ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተገዛ ዶዘር ራሱ ውሳኔ ሰጪ ይሆናል።

መብቱ ላይ የምሰጠው አስተያየት ለባለሥልጣናት ላይጥም ይችላል። ነዋሪው በታሪክ ያጣውን መሬት በሰፈራ ስም መልሶ የሚያገኝ ከሆነ ካርታው ከብድሩ መለየት አለበት፤ ብድሩ ለዘር፣ ለመሣሪያና ለቤት ይሁን፣ መሬቱ ግን በመጀመሪያው ዓመት በስሙ፣ ባለትዳር ከሆነም በሁለቱ ስም ይመዝገብለት። ዛፍ ያለው ሰው ዛፉ በሌላ ሰው ክፍል ውስጥ ቢወድቅበት የሚካስበት ወይም የመልቀም መብቱ የሚጠበቅበት አንድ አምድ በመዝገቡ ላይ ይኑር። በማጋሪኒ የተሰራጨው ደብዳቤ ይህ አምድ አልነበረውም፤ የድንበርና የዛፍ ክርክሩ ወደ ሽማግሌዎች ሄደ፣ ሽማግሌዎቹም የሚፈርዱት ችካሉን አይተው ሳይሆን ዛፉን ማን እንደተከለ ጠይቀው ነው።